ጂምፕ 3.0 በሐረር፦ አርባ ሁለት ሰፌድና አንድ ነጭ አንሶላ

ከዋጋው ልጀምር፤ ሱቄ ብቅ የሚል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። ጂምፕ የሚባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነጻ ነው። ሠላሳ ቀን አሠርቶ የሚቆለፍ፣ ወይም በሥራችሁ ላይ የራሱን ማኅተም እያተመ ገንዘብ የሚለምን ዓይነት ነጻ አይደለም። ታወርዱታላችሁ፣ ትጭኑታላችሁ፣ ለጎረቤት በፍላሽ ትሰጡታላችሁ፤ ይህም ስርቆት ሳይሆን ፈቃዱ ራሱ የሚለው ነው። ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚህ በፊት ስድስት ዓመት የሠራሁት አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት በጫነልኝ የተሰረቀ የፎቶሾፕ ቅጂ ነበር። ከቅጂው ጋር አብሮ የገባ ቫይረስ የአንድ ሙሉ ሰርግ ፎቶ በላብኝ። ፎቶሾፕ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔና የሌባ ቅጂው ነው። ሕጋዊውን እንዳልገዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲሶቹ የፎቶሾፕ ዝርያዎች የሚገኙት በኪራይ ብቻ ነው፤ ኪራዩም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። የሙሽራዋ እናት ሱቄ ደጃፍ ተቀምጠው ያለቀሱትን ሳስታውስ ዛሬም ሆዴ ይባባል። በማግስቱ ጂምፕን አወረድኩ።

እኔ የመኪና ግርግር ልጅ ነኝ። ሐረርን ለማያውቅ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል፣ በግንብ ወደታጠረው አሮጌ ከተማ፣ መሃል ሲዘልቁ የልብስ ስፌት መኪናዎች ተደርድረው ግር ግር የሚሉበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ስሙ የወጣው ከድምፁ ነው። አባቴ እዚያ ሲሰፋ ኖሯል፤ እኔም ልጅነቴን ያሳለፍኩት ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ነው። አሁን ከሸዋ በር ወጣ ብሎ ፎቶ ቤት አለኝ። ይህን የምናገረው የቤተሰብ ታሪክ ለማውራት አይደለም። ፎቶ ማቀናበር የገባኝ በስፌት ቋንቋ ስለሆነ ነው። በዚህ ሥራ ሌየር የሚባለውን ነገር ሰዎች ሲያስረዱኝ ግራ ይገባኝ ነበር። አንድ ቀን ግን «ይህማ ገበር ነው» አልኩ። ከላይ የሚታየው ጨርቅ አለ፣ ከሥሩ ገበሩ አለ፣ ላይኛው ሳሳ ሲል የገበሩ ቀለም ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲህ አልተቸገርኩም።

ስለ ጂምፕ ሁሉንም አልጽፍም። ቪዲዮ አላቀናብርበትም፤ ካርቱንም አልስልበትም። የምሠራበት ለሁለት ጉዳይ ነው፦ የምስልን ጀርባ ለማስወገድ፣ እና የግድግዳን፣ የወረቀትን፣ የጨርቅን ሻካራ ገጽታ በሌላ ፎቶ ላይ ለመደረብ። ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ይመስሉ ነበር። አንድ መሆናቸውን ያስተማሩኝ አርባ ሁለት ሰፌዶች ናቸው።

ጀጎል ውስጥ ሰፌድ፣ መሶብና ሙዳይ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ከነደባው፣ ማለትም ከመቀመጫው መደብ፣ በላይ ግድግዳው ላይ ሰፌዶቹ ተሰቅለው ሲታዩ ቤቱ ራሱ ጌጥ የለበሰ ይመስላል። ልጃቸው ውጭ አገር ስለሚኖር ዕቃቸውን በስልክ ለሚያዙ ሰዎች ማሳየት ፈለጉ። «አርባ ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከጀርባው ምንም እንዳይኖር» አሉኝ። ተስማማን።

በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ሞኝነት ነበር። ሰፌዶቹን ቤታቸው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀሉ አነሳኋቸው፤ ከዚያም ፈዚ ሴሌክት በሚባለው መምረጫ ጀርባውን እየነካሁ ለማጥፋት ሞከርኩ። ይህ መሣሪያ የምትነኩትን ነጥብ ቀለም አይቶ ከጎኑ ያሉትን ተመሳሳይ ነጥቦች ሁሉ ይሰበስባል፤ ምን ያህል ይመሳሰሉ የሚለውን የምትወስኑት ትሬሽሆልድ በሚባል ቁጥር ነው። ሲከፈት 15 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በ15 የግድግዳው ጥላ ያለበት ክፍል ይቀራል፤ ወደ 40 ሲወጣ ከሰፌዱ ውስጥ ያለው የገለባ ቀለም አብሮ ይሄዳል። ግድግዳው ክሬም፣ ስንደዶው ክሬም፤ ማሽኑ በምን ይለያቸው? ሦስት ቀን አይኔን አፍጥጬ ስቆርጥ ከረምኩ። እንደምንም አሥራ አንዱን ጨርሼ ለባለቤቷ አሳየኋቸው።

ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ይህ ሰፌድ የት ነው የተቀመጠው?» አሉኝ።

«ጀርባ አይኑር ስላሉኝ ነው፣ እማማ።»

«ጀርባ አይኑረው አልኩ እንጂ ይብረር አልኩ?»

ጥላውን አብሬ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ጥላ የሌለው ዕቃ የትም አይቀመጥም።

እንደገና ስጀምር አባቴ ጨርቅ ሲቆርጥ ያደርግ የነበረው ትዝ አለኝ። መቀሱን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነበር። መጀመሪያ ጨርቁን ይዘረጋል፣ በእጁ ይዳብሰዋል፣ በጠመኔ ያሰምራል፤ ደንበኛው ቸኩሎ ቢቆም እንኳ አይጣደፍም። እኔም መቀሱን አስቀመጥኩና አንድ ነጭ አንሶላ ይዤ ወደ ግቢያቸው ሄድኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ግቢው ሳትገባ፣ ሰማዩ ብቻ ሲያበራ፣ ሰፌዶቹን አንድ በአንድ አንሶላው ላይ እያስቀመጥኩ አነሳሁ። አርባ ሁለቱም በአንድ ጠዋት አለቁ።

ጂምፕን የወደድኩት ከዚህ በኋላ ነው። የጀጎል ግድግዳ ፎቶ ከታች አለ። ከላዩ ሰፌዱን ከነአንሶላው አስቀመጥኩና የሌየሩን ሁነታ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ፣ መልቲፕላይ አደረግኩት። አንሶላው ጠፋ። ሰፌዱ ከነጥላው ግድግዳው ላይ ቀረ። አንድም ቦታ አልቆረጥኩም።

አስማት አይደለም፣ ማባዛት ነው። ኮምፒውተሩ ነጭን 1፣ ጥቁርን 0 ብሎ ይይዛል፤ መሃል ያለው ግራጫ ግማሽ ነው። መልቲፕላይ የላይኛውን ነጥብ በታችኛው ያባዛል። በ1 ያባዛችሁት ቁጥር ራሱን ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ነጭ ከሆነው አንሶላ ሥር ያለው ግድግዳ እንዳለ ይታያል። በ0 የተባዛ ጥቁር ይሆናል። ጥላው ግማሽ ከሆነ ግድግዳውን በግማሽ ያጨልመዋል፤ እውነተኛ ጥላም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የዚህ ተገላቢጦሽ ስክሪን ይባላል፤ እሱ ደግሞ ጥቁሩን አጥፍቶ ነጩን ያስቀራል። ጥቁር ጨርቅ ፊት የተነሳ የዕጣን ጭስ ካላችሁ በስክሪን ደርቡት፤ ጨርቁ ይሄዳል፣ ጭሱ ይቀራል። ጭስ በመቀስ ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ብቻ የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

ነገር ግን ሁለት ጣጣ አለበት፤ ሁለቱንም ከስሬ ነው የተማርኩት። አንደኛው፣ አንሶላው በዓይናችሁ ነጭ ቢሆንም በፎቶው ነጭ አይደለም። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልመዋል፤ አንሶላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። እኔ በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አላስተዋልኩትም። ሲታተም ግን በእያንዳንዱ ሰፌድ ዙሪያ ስስ ግራጫ ሳጥን ተሰመረ። ስለዚህ ስታነሱ ብርሃኑን በአንድ እርከን ከፍ አድርጉ፤ ከዚያም ጂምፕ ውስጥ ሌቭልስ የሚባለውን የብርሃንና የጥላ ማስተካከያ ከፍታችሁ በነጩ ጠብታ መምረጫ አንሶላውን ንኩት። የነካችሁት ቦታ 255 ይሆናል፤ እዚህ የሚቆጠረው ከ0 እስከ 255 ስለሆነ 255 ማለት ሙሉ ነጭ ነው። አንሶላው ላይ እኩል ያልሆነ ብርሃን ካለ ደብዘዝ ያለውን ጥግ ምረጡ፤ ያ ነጭ ከሆነ የቀረው ሁሉ ነጭ ይሆናል። የጥላውን ጥግ እንዳትነኩ ብቻ።

ሁለተኛው ጣጣ፣ መልቲፕላይ ሰፌዱንም ያባዛዋል። ግድግዳው ሰማያዊ ከሆነ ሰፌዱ ላይ ሰማያዊ ይረጭበታል፤ የተላጠው ቀለም ሁሉ በስንደዶው ውስጥ ያልፋል። ለዚህ ነው ገበር የሚያስፈልገው። የሰፌዱን ሌየር አንድ ጊዜ አባዛችሁ ከላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ይህኛው በተለመደው ሁነታ ይሁን፤ ሰፌዱን ብቻ ፓዝ በሚባለው የመስመር ማስመሪያ አክብባችሁ የቀረውን በማስክ፣ ማለትም የሌየሩን ክፍል በሚደብቅ መሸፈኛ፣ ትሸፍናላችሁ። አሁን መቀስ ገባ ማለት ነው፤ ግን ምን ዓይነት መቀስ! ከሥሩ ያው ሰፌድ በመልቲፕላይ ስላለ፣ ከጠርዙ ሁለት ነጥብ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ብትቆርጡም ማንም አያይባችሁም። ጠርዙን በፌዘር ትንሽ ታለሰልሱታላችሁ፤ ላይኛውና ገበሩ ይገናኛሉ። በሦስት ቀን አሥራ አንድ ስቆርጥ የነበርኩት ሴት አርባ ሁለቱንም ከአንድ ቀን ተኩል ባነሰ ጊዜ ጨረስኩ። ባለቤቷም አይተው፣ «አሁን ተቀመጠ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ ዋጋ ግን ትንሽ ለማስቀነስ ሞከሩ።

ይህ ሁሉ በፎቶሾፕም ይቻላል፤ ልዋሽ አልፈልግም። መልቲፕላይ የጂምፕ ፈጠራ አይደለም። ከፎቶሾፕ ጋር አብሮ የማይመጣ፣ ጂምፕ ግን በደንብ አድርጎ የሚሰጠኝ ነገር አለ፤ ስሙ ከለር ቱ አልፋ ነው፣ ቀለምን ወደ ግልጽነት መቀየር ማለት ነው። እኔ ብሆን ይህን ፕሮግራም በዚህ አንድ ትእዛዝ ምክንያት ብቻ እጭነው ነበር።

የቡና ሲኒ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ አንሱ። ቡናማ ቀለበት ይቀራል፤ አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ሳሳ ያለ፣ መሃሉ ላይ ጠብታ ያለበት። ይህን ምልክት በአሮጌ ደብዳቤ ወይም በሰርግ ጥሪ ላይ መደረብ ብትፈልጉ በየትኛው መቀስ ትቆርጡታላችሁ? ጠርዝ የለውም፤ ወደ ወረቀቱ እየሳሳ ነው የሚጠፋው። ከለር ቱ አልፋ ግን «የትኛውን ቀለም ላውጣ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ነጭ ትሉታላችሁ። ነጩን ከእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ፣ ልክ ወተትን ከማኪያቶ ለይቶ እንደማውጣት፣ ያወጣዋል። ሙሉ ነጭ የነበረው ሙሉ በሙሉ ግልጽ ይሆናል፤ ግማሽ ቡናማ የነበረው ግማሽ ግልጽ የሆነ ቡና ይሆናል። የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው፤ በየትኛውም ቀለም ላይ ብታስቀምጡት እዚያው የፈሰሰ ይመስላል። ሁለት ማስተካከያዎች አሉት፤ አንዱ ምን ያህል ለነጭ የቀረበው እስከ መጨረሻው ይጥፋ የሚለውን፣ ሌላው ምን ያህል ከነጭ የራቀው ሳይነካ ይቅር የሚለውን ይወስናል። የወረቀቱ ጥቃቅን ጉድፍ አብሮ እንዳይመጣ የመጀመሪያውን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

እኔ ጋር አሁን ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ምልክቶች አሉ። የቡና ቀለበት፣ የሆጃ መጠጥ ጠብታ፣ የተጨማደደ የስኳር ወረቀት፣ የአባቴ ጠመኔ ጥቁር ሱፍ ላይ ያሰመረው መስመር። ይህ የመጨረሻው ጥቁሩን በማውጣት ነው የተሠራው። ሰው ከኢንተርኔት የሚያወርደው የሌላ አገር ጡብና የሌላ አገር እንጨት ነው፤ እኛ ቤት ያለውን ማን ያነሳልናል?

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የሚባለው ሙዚየም የድሮ የሐረር ፎቶዎች አሉት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ሆኖ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን በራሱ አንስቷል፤ ለቤተሰቡ ሲልክም ፎቶዎቹን ያጠበበት ውኃ መጥፎ ስለሆነ ምስሎቹ ነጭ ሆነው መውጣታቸውን እያማረረ ጽፏል። እሱ ያፈረበትን ነጭነትና ጉድፍ ነው ዛሬ ሙሽሮች ከፍለው የሚያሠሩኝ። «የድሮ ይምሰልልን» ይላሉ። የሐረር ውኃ በነጻ ያደርገው የነበረውን እኔ በሰዓት አስከፍላለሁ።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። የጀጎል የውስጥ መንገዶች ግድግዳ ለእኔ ሥራ የወርቅ ጉድጓድ ነው። በየዓመቱ ሰማያዊ በአረንጓዴ፣ ሮዝ በነጭ ላይ ይቀባል፤ ሲላጥ ያለፉት ዓመታት በየተራ ብቅ ይላሉ። ነገር ግን የግድግዳ ፎቶ እንዳለ ቢደረብ አይሆንም። ከላይ በኩል ፀሐይ አለ፣ ከታች ጥላ አለ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥላ ያርፋል፤ በሰው ፎቶ ላይ ስታነጥፉት ያ ሁሉ ብርሃንና ጥላ አብሮ ይመጣና ሰውየው ግማሽ ጎኑን ጀንበር የጠለቀችበት ይመስላል። የምትፈልጉት ሻካራነቱን ብቻ ነው። ብርሃኑም ቀለሙም እንደ ጀርባ ሊወገድ ይገባል።

ጂምፕ ለዚህ ግሬይን ኤክስትራክት እና ግሬይን መርጅ የሚባሉ ሁለት ሁነታዎች አሉት። የግድግዳውን ሌየር ታባዛላችሁ። ላይኛውን በጋውሲያን ብለር አብዝታችሁ ታደበዝዛላችሁ፤ ስንጥቁ ሁሉ ጠፍቶ ብርሃንና ጥላው ብቻ እስኪቀር ድረስ። ከዚያ የዚህን ላይኛ ሁነታ ግሬይን ኤክስትራክት ታደርጋላችሁ። ፕሮግራሙ ከታችኛው ላይ የደበዘዘውን ቀንሶ 128 ይጨምርበታል፤ 128 መሃለኛው ግራጫ ነው። የሚታየው ነገር ያስደነግጣል፦ ግድግዳው ቀለም አልባ ይሆናል ለማለት ይቻላል፣ ፀሐዩም ጥላውም የለም፣ ስንጥቁና ልጣጩ ብቻ ግራጫ ላይ ቆሞ ይታያል። ይህን ኒው ፍሮም ቪዚብል በሚለው ትእዛዝ አንድ ሌየር አድርጋችሁ በሰው ፎቶ ላይ በግሬይን መርጅ ትደርቡታላችሁ፤ እሱ ደግሞ ደምሮ ያንኑ 128 ይቀንሳል። ግራጫው ምንም ሳይነካ ያልፋል፤ ስንጥቁ ብቻ ይታተማል። ለቸኮለ ሰው ሃይ ፓስ የሚባል ማጣሪያ ተመሳሳዩን ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። እኔ ግን በረጅሙ መንገድ መሄድ እወዳለሁ፤ የድብዘዛውን መጠን እያየሁ ስለምወስን።

ለዚህ ሥራ የጂምፕ ዝርያ 3.0 ከቀድሞው 2.10 የሚለይበት ትልቁ ነገር ማጣሪያዎቹ ሳይታሰሩ መቆየታቸው ነው። ድሮ አንዴ ካደበዘዛችሁ አደበዘዛችሁ፤ ስህተት ከሆነ ጠቅ እያደረጋችሁ ወደኋላ ትመለሳላችሁ፤ ፋይሉን ዘግታችሁ ከሆነማ አለቀላችሁ። አሁን ማጣሪያው ሌየሩ ላይ እንደሚፈታ ጊዜያዊ ስፌት ተሸልሎ ይቆያል፤ ነገ ከፍታችሁ መጠኑን ትቀይራላችሁ፣ ወይም ታጠፉታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 2.10 ወደዚህ እስኪደርስ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ሰባት ዓመት ፈጅቷል፤ የምጠብቀው ሰው ሰባት ዓመት ቢያዘገየኝ ዳግመኛ አላናግረውም ነበር፤ ይህን ግን ይቅር ብየዋለሁ።

ሲደረብ መጠን ይኑረው። መጀመሪያ ለአንዲት ሙሽራ አልበም ሽፋን የአርጎባ በርን አካባቢ ግድግዳ በሙሉ ኃይሉ ደርቤ አትሜ ሰጠሁ። የሙሽራው እናት አገላብጠው፣ «ልጄ፣ ሚስቱ ፊቷ ላይ ምን ወጣባት?» አሉ። ስንጥቁ በጉንጯ መሃል አልፏል። አሁን የሌየሩን ድፍንነት የሚወስነውን የኦፓሲቲ ማንሸራተቻ ከ25 ወይም ከ30 በላይ አላወጣውም፤ ፊትና እጅ ላይ ደግሞ ማስክ አስገብቼ በለስላሳ ጥቁር ብሩሽ አጠፋዋለሁ። ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል፤ ከዚህ በላይ ማወቅ አያስፈልግም። ሻካራነቱ በቀሚሱና በጀርባው ይቅር፤ ሰው ፊቱ ላይ ግድግዳ አይፈልግም።

አሁን የሚያቅተውን ልናገር። ፀጉርና ነጠላ።

ጂምፕ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጭነው ሰውን ከጀርባው የሚለይ አብሮ የመጣ ቁልፍ የለም። ፎቶሾፕ ይህ አለው፤ በደንብም ይሠራል። ጂምፕ ያለው ፎርግራውንድ ሴሌክት ነው፤ ሰውዬውን በግምት ታከብባላችሁ፣ ውስጡን በብሩሽ ትቀባላችሁ፣ ከዚያ እሱ እያሰላ ጠርዙን ይፈልጋል። ስምንት ጊጋ ባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፔ ትልቅ ፎቶ ሲሆን ቡና ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ ይሰጠኛል። ለተጠቀለለ አጭር ፀጉር ውጤቱ መጥፎ አይደለም። አፍሮ በአረንጓዴ ቅጠል ፊት ከሆነ ግን በየጫፉ አረንጓዴ ይቀራል፤ እሱን በብሩሽ አንድ በአንድ ማጥቆር ነው።

ነጠላ ከዚህም ይብሳል። ፈትሉ ስስ ነው፤ ከኋላው ያለው ነገር በውስጡ ያልፋል። አንድ ሙሽራ ሚስቱን በቀይ መጋረጃ ፊት ራሱ በስልክ አንስቷት «ጀርባውን የጀጎል በር አድርጊልኝ» አለኝ። ነጠላው በሙሉ በቀይ ተነክሯል። ጀርባውን ብቆርጠው እንኳ የመጋረጃው ቀይ ነጠላው ውስጥ ተሰፍቶ ቀርቷል። ሁለት ሌሊት ታገልኩ፤ ማስኩን ግራጫ ቀባሁት፣ ቀዩን አደበዘዝኩት፣ ጥለቱ አብሮ ደበዘዘ። በመጨረሻ ደወልኩለትና ሙሽራዋን ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት፤ ግራጫ ግድግዳ ፊት አቁሜ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ አነሳኋት። የሁለት ሌሊቱን አላስከፈልኩትም፤ የአምስት ደቂቃውን አስከፈልኩት።

በዚህ መሃል ፎቶ ልካችሁለት በሰኮንዶች ጀርባውን አጥፍቶ የሚመልስ አንድ የኢንተርኔት አገልግሎትም ሞክሬያለሁ። ፀጉሩን እኔ በሕይወቴ በማልቆርጠው ጥራት ቆረጠው፤ መቅናቴን አልደብቅም። የነጠላውን ዘርፍ ግን ጀርባ መስሎት ሙልጭ አድርጎ በላው፤ በነጻ የሰጠኝ ምስልም ለጉርድ ፎቶ እንጂ ለአልበም የማይሆን ትንሽ ነበር። እሱን በክፍያ ማስተካከል ይቻላል። የማይስተካከለው ሌላ ነው። ሱቄ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ሻሻቸውን አውልቀው የሚነሱት ሴት ስለሆንኩ፣ ፎቶውም ከእኔ እጅ ስለማይወጣ ነው። አንዲት እናት የልጃቸውን የሒና ምሽት ፎቶ ሲያመጡልኝ በር ዘግተው፣ «ወደ ኢንተርኔት አይሄድም አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይሄድም» አልኳቸው። ይህን ቃል ሰጥቼ ፎቶውን ወደማላውቀው አገር ወደማላውቀው ማሽን መላክ አልችልም። ጂምፕ ኔትወርክ ቢኖርም ባይኖርም እዚያው ላፕቶፑ ውስጥ ይሠራል። ፀጉሩን በእጄ እቆርጣለሁ፤ ዓይኔ ይድከም።

የቀሩትን ጉድለቶች ቶሎ ልለፋቸው። ሴቭ ስትሉት በራሱ ዓይነት፣ ኤክስሲኤፍ በሚባለው ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጄፔግ ወይም ፒኤንጂ ከፈለጋችሁ ኤክስፖርት የሚል ሌላ ቦታ መሄድ አለባችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እንዲህ ነው፤ እስከ ዛሬ ጣቴ አልለመደውም። ደግሞ ጄፔግ ግልጽነት አይዝም። ጀርባውን ያጠፋችሁትን ምስል በጄፔግ ካወጣችሁ ግልጹ ቦታ በቀለም ይሞላና ልፋታችሁ ይቀበራል፤ ፒኤንጂ ተጠቀሙ። ይህን አውቄው ሳለሁ አንድ ማታ እንቅልፍ እያዳፋኝ ሰባት ሙዳዮችን በጄፔግ አውጥቼ ዋናውን ሳላስቀምጥ ዘጋሁት። ማንንም አልወቅስም። ፎቶ ከካሜራ ስትከፍቱም መጀመሪያ አድ አልፋ ቻናል የሚለውን ንኩ፤ ያለዚያ የምታጠፉት ቦታ ግልጽ በመሆን ፋንታ ቀለም ሊለብስባችሁ ይችላል።

ሌላው የማተሚያ ነገር ነው። ጂምፕ የሚሠራው በሦስቱ የብርሃን ቀለሞች ነው፤ ማተሚያ ቤቶች የሚፈልጉትን አራት ቀለም ገና እንደ ሙሉ የሥራ ሁነታ አልያዘውም። የሰፌዶቹን ካታሎግ አንድ ማተሚያ ቤት ሲያትምልኝ ደማቁ ቀይ የበርበሬ ዓይነት ሆኖ መጣ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ናሙና አንድ ገጽ ሳላትም ሙሉውን አላሳትምም ብዬ ወሰንኩ። ፎቶ ወረቀት ላይ ለሚታተም ግን ችግር የለም፤ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይዛችሁ ለአሥር በአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር 1181 በ1772 ነጥብ ማዘጋጀት ይበቃል። የምትደርቡትን ሻካራ ገጽታም በዚያው መጠን አዘጋጁ፤ ትንሽ ፎቶ ተለጥጦ ሲደረብ ስንጥቁ ስንጥቅ መሆኑ ቀርቶ የተልባ ንፍሮ ይመስላል።

ከአምስት ስንት ትሰጪዋለሽ ለሚለኝ፣ ለዕቃ ፎቶና ለሻካራ ገጽታ ሥራ አምስት፣ ለፀጉር ሁለት ተኩል፣ ለነጠላ ዜሮ። ነጠላውን ግን ሌላ ፕሮግራም ላይም ገና ደህና አድርጎ የሚሠራ አላየሁም፤ ስለዚህ ዜሮው የነጠላው ነው ብትሉም አልከራከርም። በወር የሚከፍል ካርድ ያለው፣ በቀን ሃምሳ የሰው ፎቶ የሚቆርጥ ሰው ፎቶሾፕን ይከራይ፤ ጊዜው ከገንዘቡ ይበልጣል። እንደ እኔ ነጭ አንሶላ ያለው ሰው ጂምፕን ይጫን።

የቡና ቀለበቶቹንና የግድግዳዎቹን ስብስብ ለፈለገ ሰው በነጻ እቀዳለታለሁ፤ ፕሮግራሙም አብሮ አለ። ከሰዓት በኋላ ኑ፤ ጠዋት ግቢ ለግቢ ስዞር ነው የምገኘው። ፍላሽ ይዛችሁ ስትመጡ ግን አስቀድሜ በቫይረስ ማጥፊያ እፈትሻለሁ፤ አይከፋችሁ፣ የሰርጉን ነገር ነግሬያችኋለሁ።